ከበሮው ይሰማል፣ ስሜ አይሰማም

ቱርኩ፣ ፊንላንድ፣ ጃንዋሪ 1998

ለተከበርሽው አክስቴ ዳሃቦ ዋርሳሜ፣

ከሁሉ በፊት የአላህ ሰላምና እዝነት በቤትሽ ላይ ይውረድ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? አብረውሽ ምንጣፍ የሚሠሩት ሴቶች ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እኔም ሥራ አለኝ። በዚህ ወር እዚህ ፀሐይ የምትወጣው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ብቅ ትልና ተመልሳ ትገባለች።

አክስቴ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። የባሌ እህት በግንቦት ታገባለች። እዚህ ያሉት ሴቶች የሥጋ ዘመድሽ መሆኔን ያውቃሉና፣ «የሰርጉን ቡራንቡር፣ የሴቶቹን ግጥም፣ የምትይው አንቺ ነሽ» ብለውኛል። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ልጅ ሳለሁ ከረድፉ ጫፍ ተቀምጬ ግጥምሽን ስቀበል፣ «ይቺ ልጅ ነገ ራሷ ገጣሚ ናት» ያልሽው በጆሮዬ አለ።

ግን አልመጣልኝም። እዚህ በቴሌቪዥን አንዲት አዋቂ ሴት «ፈጠራ ልማድ ነው፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ ተቀመጡ» ስትል ሰማሁ። እኔም ከሥራ መልስ ወረቀት ዘርግቼ፣ ሰዓት ሞልቼ እቀመጣለሁ። ሰዓቱ ይጮኻል፤ ወረቀቱ ባዶውን ይታጠፋል።

አንድ ቡራንቡር በካሴት ቅጂልኝ። እንደ ደንባችን ስምሽን አስቀድሜ እላለሁ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።

የእህትሽ ልጅ፣ ሂባቅ ሮብሌ


ሃርጌሳ፣ ማርች 1998

ለልጄ ለሂባቅ ሮብሌ፣

ሰላምታዬ በመንገድ ላይ በረዶ ሳይዘው እንደሞቀ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ከመሆንም አልፌ ደስ ብሎኛል! ደብዳቤሽን ያመጣው መንገደኛ በር ላይ ቆሞ ሳለ እዚያው ከፍቼ አነበብኩት። ሰውየው ሻይ ሳይጠጣ ሄደ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን ወደ ቁጣዬ። ያቺ የቴሌቪዥን ሴት ማን ናት? ግጥም ደሞዝተኛ ነው እንዴ በሰዓቱ ፈርሞ የሚገባ? ልጄ፣ ጠረጴዛ ላይ እንጀራ ይቀመጣል፣ ክርን ይቀመጣል። ግጥም እግር አለው፤ የሚሄድ ሰው ካላገኘ ምን ሊያደርግ ይቆማል?

የኛን ቀን ታውቂዋለሽ፤ ያው ነው። ከጎህ ሶላት በኋላ አምስታችን ሳሩን ነክረን በረድፍ እንቀመጣለን። ሳቢ፣ ጠምዝዢ፣ ምቺ። ሳቢ፣ ጠምዝዢ፣ ምቺ። ምቱ አንዴ ከያዘ እጅ ራሱን ያውቃል፣ አፍ ስራ ይፈታል፣ ያኔ ግጥሙ ሹልክ ብሎ ይገባል። ውሃ ሻጩ አህያውን እየነዳ ይመጣል፤ ተነስቼ በርሜሉን አስሞላለሁ፤ ስመለስ ምቱ እዚያው ይጠብቀኛል። ፍየሏ የተሰጣውን ሳር ትበላለች፤ አምበሮ ጫማዋን ትወረውርባታለች፤ ያም ከምቱ ጋር ይሄዳል።

አምበሮ ሰባ ሞልቷታል፤ ምላሷ ግን ገና አልተዳረም። ደብዳቤሽን ሳነብላቸው፣ «ወረቀት ላይ ትቀመጥ? ዶሮ ናት እንዴ የምትታቀፈው?» አለች። ሳቅን ሳቅንና ከሳቁ መካከል የሰርግሽ ግጥም መጣ፤ እንዲህ እያለ፦

ሙሽሪት ስትገባ ዝናብ ይከተላት፣
ደጃፏ ሳር ያብቅል፣ ግመሏ ይውለድላት።

ቀሪው ካሴቱ ላይ አለ። ሴቶቹ ሲስቁ ትሰሚያለሽ፤ ፍየሏንም ትሰሚያለሽ። በቃልሽ እስክትይዢው ደጋግመሽ ስሚው። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጥሪ፦ የዳሃቦ ዋርሳሜ ጉሌድ ቃል ነው በይ። ምልክት የሌለውን ግመል ማንም ይነዳዋል። አንቺን ጠርጥሬሽ አይደለም፤ ደንብ ደንብ ስለሆነ ነው።

ሙሽሪት ትባረክ። ቤቷ ጠባብ ቢሆን እንኳ ሳቋ ሰፊ ይሁን።

አክስትሽ ዳሃቦ


ቱርኩ፣ ጁን 1998

ለተከበርሽው አክስቴ ዳሃቦ፣

የአላህ ሰላም ይድረስሽ፤ ለረድፉ ሴቶች ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሰርጉ ባማረ ሁኔታ አለፈ። ቡራንቡሩን ስል አዳራሹ ተነሳ። አሮጊቶቹ ሻሻቸውን እያወለቁ አውለበለቡ፤ ሙሽሪት አለቀሰች። «እንዲህ ያለ ቃል ከአገር ከወጣን አልሰማንም» አሉ።

በመንገደኛ አንድ ሞቃት ሻሽ ልኬልሻለሁ። አክስቴ፣ ለነሐሴ ሌላ ሰርግ አለ፤ እንደገና ጠይቀውኛል። ጊዜ ካለሽ አንድ ሌላ ብትቀጂልኝ። አሁን ሥራ በዝቶብኛልና አላረዝምም።

ሂባቅ


ሃርጌሳ፣ ኦክቶበር 1998

ለሂባቅ ሮብሌ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጠርኩት። ከቀደመው ደብዳቤዬ የተረፈ ካለሽ እሱን ተጠቀሚ።

ሻሹ ደርሶኛል። ቀዩ ያምራል፤ አልለበስኩትም። ለምን እንዳልለበስኩት ልንገርሽ።

ባለፈው ሳምንት የአንድ መድኃኒት ነጋዴ ልጅ ሰርግ ነበር። የጠሩት እኔን ነው። እንደ ልማዴ ሴቶቹ ክብ ሠሩ፤ ከበሮው ተመታ፤ መሃል ገባሁ። ደስ ብሎኝ ነበር! የዝናቡን ግጥም፣ ያንቺን የሰርግ ግጥም ማለቴ ነው፣ በዚህ ከተማ ገና አልተናገርኩትም ነበርና ዛሬ ለአገሬ ልበለው አልኩ። «ሙሽሪት ስትገባ...» ብዬ ገና አንዷን እግር ሳነሳ፣ ወርቃማ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ጉብል እጇን አጨበጨበችና፣

«ውይ አክስቴ፣ ይሄማ የሂባቅ ነው!» አለች።

«የማን?» አልኩ።

«የፊንላንዷ ሂባቅ! ካሴቱ ገበያ ሁሉ አለ። እኛ ቤት ቀኑን ሙሉ ነው የምንሰማው። ጎበዝ፣ በቃልሽ ይዘሽዋል!»

ጎበዝ አለችኝ። የራሴን ግጥም በቃሌ ስለያዝኩ ጎበዝ አለችኝ! ከበሮ መቺዋ እጇን አየር ላይ አንጠልጥላ ቀረች። ከኋላ አንዷ ሳቀች። አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት፣ «እርጅና ነው፤ የሰውን ከራስ መለየት ያቅታል» ስትል ሰማኋት። አምበሮ ተነስታ፣ «ይሄ ግጥም ሲወለድ አዋላጇ እኔ ነኝ፤ እናንተ የት ነበራችሁ?» ብላ ጮኸች። ማን ይስማት? «ጓደኛዋ አይደለች፤ ምን ትበል?» አሉ።

አንቺ ልጅ ሆይ፣ እኔ በዚህ ከተማ ሰው ሲዳር፣ ሰው ሲሞት፣ ቤት ፈርሶ ቤት ሲሠራ ቃል ያልተበደርኩ ሴት ነኝ። ቤቴ በጦርነቱ ጊዜ ከነጣሪያው ተወስዷል፤ ከስደት የተመለስኩት ስሜን ብቻ ይዤ ነው። በዚያ ምሽት ከክቡ መሃል ሌባ ሆኜ ወጣሁ።

ካሴቱን በማግስቱ አስመጥቼ ሰማሁት። ድምፅሽ ያምራል፤ ለመዋሸት አልችልም። አንዲት ቃል አልጨመርሽም፣ አንዲት ቃል አልቀነስሽም። የቀነስሽው ባለቤቱን ብቻ ነው።

የከፋውን ግን ገና አልነገርኩሽም። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ምት አጣ። ሳቢ ሲሉኝ እጠመዝዛለሁ፣ ምቺ ሲሉኝ እስባለሁ። ግጥም ቀርቶ ቀጥ ያለ ጠርዝ አልወጣልኝም። ትናንት አምበሮ ምንጣፌን አንስታ አየችና፣ «ይሄን ጠርዝ ማን ሠራው? ፍየሏ ናት?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አጣላት ነበር? ምንጣፉን ከእጇ ወስጄ ጠርዙን ፈታሁት። ይሄን ስታይ ደነገጠች።

የምፈልገው ይሄ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ቁሚ፤ ግጥሙ የማን እንደሆነ ተናገሪ። ካሴት ይቀዳ፤ ያም ካሴት እንደ ፊተኛው ገበያ ይውጣ። ለነሐሴው ሰርግ የጠየቅሽኝን ደግሞ አልቀዳሁም። የራስሽን ወልደሽ ቁሚበት።

ዳሃቦ ዋርሳሜ ጉሌድ


ቱርኩ፣ ዲሴምበር 1998

ለተከበርሽው አክስቴ፣

የአላህ ሰላምና በረከት ከአንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኝ እጅግ አዘንኩ። አለመግባባት ነው። ስምሽን ብያለሁ፤ ነገር ግን የምትቀዳው ልጅ የቴፑን አዝራር ዘግይታ ተጭናው መጀመሪያው ሳይገባ ቀርቷል። ከዚያ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ ተባዛ። በኔ ቁጥጥር ሥር አልነበረም።

ይቅርታ እንድታደርጊልኝ አንድ ጥሩ የግድግዳ ሰዓት ልኬልሻለሁ። ባትሪው ዓመት ይቆያል። ነገሩን ለሽማግሌዎችና ለእናቴ ባታደርሺው እለምንሻለሁ፤ እሷ ልቧ ደካማ ነው።

ልጆቹ ሰላም ይሉሻል።

ሂባቅ


ሃርጌሳ፣ ፌብሩዋሪ 1999

ለሂባቅ ሮብሌ፣

ለእናትሽ አልነገርኩም። ሰላምታዬ ይሄ ነው።

አዝራር አልሽኝ። እሺ፣ ስለ አዝራር እናውራ። ካሴቱን አምበሮን ከጎኔ አስቀምጬ እንደገና ሰማሁት። መጀመሪያ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ሂባቅ፣ ነይ ወዲህ! ዝም በሉ እናንተ!» ትላለች። ከዚያ ከበሮው ብቻውን ይመታል፤ ምቱ እስኪያዝ ድረስ በደንብ ይመታል። እልልታ ይመጣል። አንድ ልጅ ያለቅሳል፤ እናቱ እሽ እሽ ትለዋለች። ከዚያ አንቺ ጉሮሮሽን ትጠርጊያለሽ። ከዚያ፦ «ሙሽሪት ስትገባ።» የጉሮሮሽ አክታ እስከ ሃርጌሳ ሲደርስ የኔ ስም የት ቀረ? አምበሮ ምን እንዳለች ልንገርሽ? «አዝራሩስ በሰዓቱ ተጭኗል፤ የዘገየው አፏ ነው።»

ሰዓቱን በዚሁ መንገደኛ መልሼዋለሁ። ሰቅዬው ነበር፤ ሁለት ቀን ታገስኩት። ቱክ ቱክ ቱክ ይላል። እኛ ስንፈጥን አይፈጥንም፤ ሻይ ስንጠጣ አያርፍም፤ ሰው ሲመጣ ሰላም አይልም። ከማንም ጋር የማይስማማ እንግዳ ነው። ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር እየኖርሽ ግጥም ከየት ይምጣልሽ!

ለነገሩ ይገባኛል። አንቺ ቢሮ ነሽ። ወንበርሽ ይሽከረከራል፣ ማሞቂያው ይሞቃል፣ እጅሽ እንደ ሐልዋ ለስልሷል። ለስላሳ እጅ ላይ ግጥም አያድርም፤ ይንሸራተታል። ስለዚህ የሰው ታነሻለሽ። እኔ ግን እዚህ ሌባ ተብዬ ሳር እነክራለሁ። የመድኃኒት ነጋዴው ሰርግ ካለፈ ወዲህ ለማንም ሰርግ አልተጠራሁም። ይሄን እወቂው፤ ማንም አልጠራኝም።

ሻሽም አትላኪ፣ ሰዓትም አትላኪ። ያልኩሽን አድርጊ፤ አለዚያ ደብዳቤም አትላኪ።

ዳሃቦ


ቱርኩ፣ ጁላይ 1999

ለአክስቴ ዳሃቦ ዋርሳሜ ጉሌድ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ብዙ ወር ዝም ብያለሁ። አዝራሩ አልዘገየም።

ካሴት ልኬልሻለሁ። ባለፈው ወር በአንድ የአራስ ቤት ጉባኤ የተቀዳ ነው። መጀመሪያ ስምሽን ከነአያትሽ ጠርቼ የሰርጉ ግጥም ያንቺ እንደሆነ ተናገርኩ። ደስ አላላቸውም። አንዷ «እስካሁን ምላስሽ የት ሄዶ ነበር?» አለችኝ። ለሁለት ተከፍለው ሲጨቃጨቁ፣ «ቆይ፣ አልጨረስኩም፤ አሁን የምለው የኔ ነው» አልኩና ጀመርኩ።

እንዴት እንደመጣ ልንገርሽ። እኔ ቢሮ ሠርቼ አላውቅም። የምሠራው የከተማው አውቶቡሶች በሚቆሙበት ግቢ ነው፤ ወለላቸውን አጥባለሁ። ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነበር። «ወንበርሽ ይሽከረከራል» የሚለው አልወጣልኝ አለ። መወልወያውን ሁለቴ ገፋሁ፣ አንዴ ሳብኩ። ሁለቴ ገፋሁ፣ አንዴ ሳብኩ። ባዶው አውቶቡስ ድምፁን ይመልሳል። ተናድጄ ስገፋ ስስብ አንዲት መስመር ወጣች፤ መጨረሻው ወንበር ስደርስ ተከታይዋ ወጣች። በሚቀጥለው አውቶቡስ ሌላ። ወረቀት አልያዝኩም፤ እጄ እርጥብ ነበር።

ጎህ በሌለበት አገር፣ ጨለማ ለብሼ፣
የሰው ጭቃ አጥባለሁ፣ ወገቤን አጎንብሼ።
አንቺ ለአምስት ሆነሽ፣ ሳር ይዘሽ ስትዘፍኚ፣
እኔን ማን ይቀበል? ፍረጂና ዳኚ።
አፍሽ እንደ ከበሮ፣ አገር የሚጣራ፣
ጆሮሽ ግን ተኝቷል፣ የኔን ቀን ሳያጣራ።

ቀሪው ካሴቱ ላይ አለ፤ ከዚህ ይብሳል። ብትቀየሚኝም የኔ ነው።

ሂባቅ ሮብሌ ፋራህ


ሃርጌሳ፣ ሴፕቴምበር 1999

ለሂባቅ ሮብሌ ፋራህ፣ አፌን ከበሮ ላለችው፣

ሰላም፣ ጤና፣ እዝነት፣ በረከት፣ ከባሕር ወዲህም ከባሕር ማዶም ያለው በጎ ነገር ሁሉ ባንቺ ላይ ይውረድ፤ ወርዶም ትንሽ ይቆንጥጥሽ።

ከበሮ! እኔን! በሰው ፊት፣ በካሴት፣ በአራስ ቤት! በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ደግሞ ምን አልሽኝ? «የሰው ሥራ ሳትጠይቅ የሰው እጅ የምትለካ።» ቴፑን አቆምኩት። ተነስቼ ግቢውን ዞርኩት። ተመልሼ ከፈትኩት። «ለሰርግ ዝናብ ጠሪ፣ ለዘመድ ደመና» ስትዪ ደግሞ እንደገና ተነሳሁ። በዚያ ከሰዓት ግቢዬን እንዳዞርሽኝ ግመል ዞሮት አያውቅም። አንቺ ባለጌ! አንቺ እባብ! ደሞ ምቱን አትስችውም!

አምበሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችና፣ «መጥፎ ነው?» ስላት፣ «መጥፎማ አይደለም፤ ችግሩ እሱ ነው» አለችኝ።

ካሴትሽ ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያው ካሴት የደረሰበት ሁሉ ደረሰ። ገበያው ሰማ። ያቺ ባለወርቃማ ቀሚሷ ጉብል ራሷ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች፤ ስሟ ኢድል ነው። «አክስቴ፣ ይቅር በይኝ፤ በሰው ፊት አዋረድኩሽ» አለች። «ግቢና ሳር ንከሪ» አልኳት። ነከረች፤ እጇ ውሃ ቋጠረ፤ ይቅር አልኳት።

ባለፈው አርብ ለእህቷ ሰርግ ጠሩኝ። ክቡ ተሠራ፣ ከበሮው ተመታ፣ መሃል ገባሁ። ሁሉም የኔን የዝናቡን ግጥም ጠበቀ። እኔ ግን እጄን አንስቼ ከበሮውን አስቆምኩና፣ «ይሄ የኔ ቃል አይደለም። የሂባቅ ሮብሌ ፋራህ ቃል ነው። አውቶቡስ እያጠበች የገጠመችው ነው፤ የተሰደብኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልኩት። የከበሮውን አፍ አልኩት፤ የተኛውን ጆሮ አልኩት፤ ደመናውን አልኩት። አንዲት ቃል አልቀነስኩም። መቀነስ አሰኝቶኝ ነበር፤ አላህ ያውቃል።

ያቺ «እርጅና ነው» ያለችኝ ባልቴት፣ «አንቺ ሴት፣ የሚሰድብሽን ግጥም በገዛ አፍሽ ትያለሽ?» አለች።

«የኔ ቢሆን እደብቀው ነበር፤ የሷ ስለሆነ መደበቅ አልችልም» አልኳት።

ያኔ እልልታው የመጣው እንዴት እንደሆነ ልጽፍልሽ አልችልም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ዝናብ የጣለ ነው የመሰለው። መጨረሻ ላይ መልሼ «እኔን ማን ይቀበል» ስል አዳራሹ በሙሉ ተቀበለሽ። ተቀባይ የለኝም ያልሽው እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ውሸት ነው፤ አርሚው።

አሁን ስሚኝ። አልታረቅንም። መልስ እየገጠምኩልሽ ነው፤ ያማል። አውቶቡሱ ውስጥ ሆነሽ ስትሰሚው መወልወያው ከእጅሽ ይወድቃል።

ግን እስከዚያው ልጠይቅሽ። ወገብሽን ያምሻል? ውሃው ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ? ከጎንሽ የምትሠራ ሴት አለች? ካለች ስሟን ጻፊልኝ፤ ቋንቋዋ የማይገባሽ ብትሆንም መቀበል አስተምሪያት፤ እልልታ ቋንቋ አይፈልግም። እናትሽን ሄጄ አየኋት፤ ደህና ናት፤ ግጥሙን ሰምታ «የኔ ልጅ ናት!» ብላ ጎረቤት ጠራች፤ አውቶቡሱን አልሰማችም ወይም ያልሰማች መሰለች።

ዛሬ ጠዋት ረድፉ ላይ ተቀምጠን ነበር። የመልሴን የመጀመሪያ መስመር በጥርሴ ይዤ ሳሩን እስባለሁ፣ እጠመዝዛለሁ፣ እመታለሁ። ተናድጃለሁ፤ በጣም ተናድጃለሁ። አምበሮ ምንጣፌን አንስታ ወደ ፀሐይ ያዘችው፣ ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ሄደችበትና፣ «ዛሬ ምን ነካሽ? እንደ ጥንቱ ቀጥ ብሏል» አለችኝ።

«ተሰድቤ ነው» አልኳት።

አክስትሽ ዳሃቦ ዋርሳሜ ጉሌድ